ሁለት መቶ ዘጠና አንደኛው ቀን

ትርሲት ወልደጻድቅ ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ትነሣለች። ፊቷን ትታጠባለች፤ ጫማዋን ታስራለች፤ ከዚያ በሩ ፊት ለፊት ትቆማለች። አንድ ሰዓት ከአሥር ሲሆን በሩ በራሱ ይከፈታል። አራት ደቂቃ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በአራቱ ደቂቃ ውስጥ ካልወጣች እስከ ማግስቱ አይከፈትም። እጀታ የለውም፤ የቁልፍ ቀዳዳም የለውም። የሚያውቀውን ሰው በሚያውቀው ሰዓት ያሳልፋል፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነው።

በ2081 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ በር ሁሉ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ነዋሪ «ልማድ» የሚባል ነገር አለው። ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ማን ቤት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚበላ ከተወለደ ጀምሮ ይመዘገባል። ከተማዋም የትናንቱን አይታ የነገውን ታዘጋጅለታለች። አውቶብስ የሚቆመው፣ የመሻገሪያ መብራት የሚበራው፣ የሐኪም ቤት በር የሚከፈተው በዚህ ነው። ሕፃን በእናቱ ልማድ ይጀምራል። ልማድ የሌለውን ሰው ማንም አይመታውም፤ ማንም አያስረውም። ብቻ የሚከፈትለት ነገር የለም።

ትርሲት ልማድ አልነበራትም። የዚያ ዘመን ሰው አልነበረችም።

እሷ የጠፋችው በ2017 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው በር ታንኳኳለች፤ «ውሃ ነው» ትላለች፤ «ውሻውን ያዙልኝ» ትላለች፤ ገብታ ታነባለች፤ ትወጣለች። የዚያን ቀን ጠባሴ ሠፈር አንድ ግቢ ገባች። ቆጣሪው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። የሲሚንቶ ክዳኑን አንሥታ ወረደች፤ የቆጣሪውን መስታወት በመሐረቧ ጠረገች፤ ቁጥሩን ጻፈች። ያኔ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነበር፤ አሥር ሰዓት ላይ የስምንት ዓመት ልጇን ያፌትን ከትምህርት ቤት መውሰድ ነበረባት። ቶሎ ብላ ወጣች። ስትወጣ የቆርቆሮ አጥሩ የለም። ውሻው የለም። «ግቢ» ብላ ያስገባቻት ሴትዮም የለችም። ለስላሳ ግራጫ ግድግዳ ግራና ቀኝ ቆሟል፤ ሰዎች በመሀሉ ያልፋሉ፤ አንዳቸውም አላዩዋትም።

በአገሩ ውስጥ እንደ እሷ ያሉ ወደ አራት መቶ የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ። ሰው «ወራጆች» ይላቸዋል። ታክሲ ላይ «ወራጅ አለ» ከሚባለው የመጣ ነው ይላሉ፤ የሚሉት ግን የዚያን ዘመን ታክሲ አይተው አያውቁም። መመለሻ መንገድ እንዳለ ለጠየቀ ወራጅ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ እስከ ዛሬ የተመለሰ የለም።

የትርሲት ጉዳይ የተሰጠው ሶልያና ለምትባል የክትትል ሠራተኛ ነው። ሶልያና የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ስትናገር እጇን የማታንቀሳቅስ። ትርሲት በመልክ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ብትሆንም በመዝገቡ ላይ መቶ ሁለት ዓመቷ ስለሆነ «እርስዎ» ነው የምትላት።

«ልማድ ይሠራልዎታል» አለቻት በመጀመሪያው ቀን። «አራት መቶ ቀን ነው የሚፈጀው። ዙር እንሰጥዎታለን። በየቀኑ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ይሄዳሉ። አራት መቶውን ሲጨርሱ ከተማው ያውቅዎታል፤ ከዚያ ወደፈለጉበት ይሄዳሉ።»

«ካቋረጥኩስ?»

«ከአንድ ይጀምራሉ። ሁለተኛ ካቋረጡ ግን ዝግ ዙር ይገባሉ። ቆጠራ የለውም። በዚያው መንገድ መኖር ነው።»

«እስከ መቼ?»

ሶልያና ጥያቄው ያልገባት ይመስል አየቻት። «እስከ መጨረሻ» አለች።

ያን ቀን ትርሲት ስለ ልጇም ጠየቀች። ያፌት ሰይፈ በሕይወት አለ፤ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጫጫ ከተማ ነው የሚኖረው። በሳምንቱ ሶልያና መልእክት ልካለት መልሱን ይዛ መጣች። ፊቷን ሳታጠቁር ሳታፈካ አነበበችላት፦ «እናቴ በስምንት ዓመቴ ጥላኝ ሄዳለች። ሌላ እናት አላውቅም። እንዳትጽፉልኝ።»

ትርሲት ያን ቀን ዳቦዋን አልበላችም። በማግስቱ ግን አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ በሩ ፊት ቆመች፤ ምክንያቱም አራት መቶውን ጨርሳ ጫጫ ድረስ ሄዳ ነገሩን በአፏ ከመንገር በቀር ሌላ መንገድ አልታያትም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አቋረጠች። አንዲት ሴት ከፊቷ አዳልጧት መንገድ ላይ ወደቀች። ሰው በግራም በቀኝም ያልፋል። ትርሲት ቦርሳዋን ጥላ ሴትዮዋን አቀፈቻት፤ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገች፤ እስክትረጋጋ ድረስ ዘጠኝ ደቂቃ ቆየች። ሴትዮዋም አመስግና ሳይሆን ደንግጣ ነው ተነሥታ የሄደችው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሶልያና መጥታ «የወደቀ ሰው ለማንሣት የተመደበ ነገር አለ፤ እርስዎ ባይነኳት በሁለት ደቂቃ ይደርስ ነበር» አለቻት። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ትርሲት የወደቀ አላነሣችም። አንድ ሰዓት ከአሥር ትወጣለች። አንድ ከሃያ ሁለት ዳቦ ቤቱ መስኮት ጋ ትደርሳለች፤ መስኮቱ ይከፈታል፤ አንድ ዳቦ ይወጣል፤ የምትሸጠዋ ሴት «ለስልሷል» ትላታለች። ዳቦው ቢለሰልስም ባይለሰልስም ቃሉ አንድ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ትገባለች። ሥራዋ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ የድሮ ድምፅ መስማትና ምን እንደሆነ መናገር ነበር። የዚያ ዘመን ሰዎች ከድሮ ቅጂዎች የሰበሰቡት ብዙ ድምፅ አላቸው፤ ምንነቱን ግን አያውቁትም። «ይኼ ቆራሌው ነው፤ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው። ይኼ ወፍጮ ቤት ነው። ይኼ ጄኔሬተር ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ። ይኼ የትምህርት ቤት ደወል ነው፤ የመውጫው።» የመውጫው ደወል በመጣባት ቀን ማዳመጫውን አውልቃ ለተወሰነ ጊዜ ጠረጴዛውን ስታይ ቆየች። ከዚያ መልሳ አደረገችው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ስድስት ላይ መናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። በዙሯ ውስጥ ከሰው ጋር የምታወራበት ጊዜ ያ ብቻ ነበር፤ ስድስት ደቂቃ። ያችኑ ስድስት ደቂቃ እዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንድ ሌላ ወራጅ አሉ፤ ጋሽ ይገረሙ። በ1966 ዓ.ም. አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሲነዱ ነበር፤ ጭጋግ ውስጥ ገብተው ሲወጡ አስፋልቱም መኪናውም አልነበረም። ዝግ ዙር ውስጥ ከገቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው።

«ምን አድርገው ነው የገቡት?» ብላ ጠይቃቸው ነበር አንድ ጊዜ።

«ምንም። ሰለቸኝና ለሁለተኛ ጊዜ መሀል መንገድ ላይ ተቀመጥኩ» አሉ። «በነጋታው ያቺ የእኔዋ ሠራተኛ መጣችና ‹ተሳስቼ ነው ይበሉ፤ ይቅር ይባልልዎትና ሌላ አራት መቶ ይሰጥዎታል› አለችኝ። እኔ ደግሞ ‹አልተሳሳትኩም፤ መቀመጥ ፈልጌ ነው› አልኳት። ኩራቴ ነው የበላኝ፣ ልጄ። ያኔ አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ ዛሬ አገሬን አይ ነበር።»

ከመስከረም እስከ ሐምሌ እንዲህ ሄደ። በሁለት መቶ ዘጠናኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሶልያና ሥራ ቦታዋ መጣች። እንደ ልማዷ አልተቀመጠችም።

«ከጫጫ መልእክት አለ» አለች። «ከልጅዎ ልጅ ነው። ረድኤት ያፌት ትባላለች።»

ትርሲት ማዳመጫውን አወለቀች። ሶልያና አነበበች፦ «አባቴ ታሟል። ሳንባው ነው። ሐኪሞቹ ከሳምንት አያልፍም ብለዋል። ትናንት ‹ሴትየዋ እውነት እናቴ ከሆነች ትምጣ› አለ። ሌላ ምንም አላለም።»

«መቼ ልሂድ?» አለች ትርሲት፤ ቆማ ነበር።

«መቶ አሥር ቀን ይቀርዎታል።»

«ሰምተሻል አይደል ያነበብሽውን?»

«ሰምቻለሁ። ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ዛሬውኑ አስገባልዎታለሁ፤ መልሱ በስልሳ ቀን ይመጣል።»

«ሳምንት ነው ያሉት ሐኪሞቹ።»

«አዎ» አለች ሶልያና። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይኗን ከትርሲት ላይ አነሣች። «ከሄዱ ምን እንደሚመጣ ያውቁታል። ደግሜ መንገር ግዴታዬ ስለሆነ ነው፤ ሁለተኛዎ ይሆናል።»

ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ወንበር ላይ ለጋሽ ይገረሙ ነገረቻቸው። ካፊያ ነበር፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሟት።

«መቶ ቀን ነው የቀረሽ» አሉ። «መቶ ቀን ምንድን ነው? ከዚያ በኋላ ዕድሜሽን ሙሉ ነፃ ነሽ። መቃብሩን በየቀኑ ታይዋለሽ።»

«መቃብሩን ነው ጋሼ። እሱን አይደለም።»

ጋሽ ይገረሙ ስድስቱ ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። «እንግዲያውስ ሂጂ። ብቻ እንደኔ እንዳትሆኚ። ሲመጡ ይጠይቁሻል፤ ተሳስቼ ነው በዪ። ምንም አይጎዳሽም። ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

በሁለት መቶ ዘጠና አንደኛው ቀን በሩ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ተከፈተ። ትርሲት ዳቦዋን ተቀበለች፤ ሴትዮዋ «ለስልሷል» አለቻት። ወደ ቀኝ መታጠፍ ነበረባት። ወደ ግራ ታጠፈች።

ዙሩ ሲሰጣት ክንዷ ላይ ያሰሩላት አምባር ነዘረ። የሴት ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፣ «ትርሲት፣ ከዙርዎ ወጥተዋል። ለመመለስ አራት ደቂቃ አለዎት» አላት። ፈጠነች። «ሦስት ደቂቃ አለዎት።» ዳቦውን በጉያዋ አድርጋ ነጠላዋን አጠበቀችበት። «አንድ ደቂቃ አለዎት።» ከዚያ አምባሩ ዝም አለ። ከድምፁ ይልቅ ዝምታው አስፈራት። ሰው ሲከተላት ጠብቃ ዞር አለች፤ የተከተላት የለም። ማን ይከተላታል፤ ከተማው ማሳደድ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው መሻገሪያ መብራት አልበራላትም። ሌሎች እስኪመጡ ጠብቃ ከእነሱ ጋር ተሻገረች። አውቶብስ አለፋት። በሬሳ ወንዝ ድልድይ ላይ የእግረኛው መተላለፊያ በጠባብ በር የተዘጋ ነበር፤ አልተከፈተላትም። ከታች ወንዙ በሐምሌ ውሃ ሞልቶ ጠቁሯል። ወደ መኪናው መንገድ ገባች፤ ነጂ የሌላቸው ረጃጅም የጭነት መኪኖች ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ያያትና ቀስ ይላል፤ አንዳንዱ አያያትም። ጀርባዋን ድልድዩ ብረት ላይ ለጥፋ፣ በጎን በጎኗ፣ ጎማው የረጨው ጭቃ ፊቷን እየመታት ተሻገረች። ማዶ ደርሳ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የዳቦዋን ግማሽ በላች፤ ግማሹን መልሳ ጠቀለለች።

ከከተማው ከወጣች በኋላ ዝናቡ ጠነከረ። ጫጫ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእሷ ዘመን በታክሲ ሰው እየወጣ እየወረደ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። አሁን መንገዱ ዳር ቤቶች ቢኖሩም ማንኛቸውም አይከፈቱላትም፤ ታዛ እንኳ የላቸውም። የሚያልፉ ሰዎች የሚያገኙትን ሰው ስም የሚጽፍላቸው መነጽር የእሷን ስም ስለማያሳያቸው አንድ እርምጃ ራቅ ይሉና ሌላ ቦታ ያያሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ያልታሰበ ሰው ማናገር የራስን ልማድ ያደፈርሳል ተብለው ነው ያደጉት።

ስምንት ሰዓት ላይ ጫጫ አፋፍ ስትደርስ መንገዱ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ቆማ ግራ ገባት። አንዲት ጥላ የያዙ አሮጊት አጠገቧ ደረሱ።

«እማማ፣ የሕሙማን ማረፊያው በየት በኩል ነው?»

አሮጊቷ አላዩዋትም፤ አለፏት። ጥቂት እንደራመዱ ግን ቆመው ጥላቸውን ወደ ሰማይ ቀና አደረጉና ለጥላቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «የሕሙማን ማረፊያው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ነጭ ነው። ኧረ ዝናቡ ልብስ ያሳልፋል፤ ሰው ብርድ ይመታዋል» አሉ። ሄዱ።

ትርሲት በታችኛው መንገድ ወረደች። ነጩ ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ በር አለው። ፊቱ ቆመች። ምንም የለም። ውስጥ ሰዎች ይተላለፋሉ፤ ያዩዋታል፤ ያልፋሉ። ልብሷ ውሃ ያንጠባጥባል። ማንን እንደምትጠራ፣ ምን እንደምትል አታውቅም። በመጨረሻ የምታውቀውን አደረገች፤ እጇን ጨብጣ አንኳኳች።

በዚያ ቤት ውስጥ በር የሚያንኳኳ ሰው ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ቆመው ጣሪያውን አዩ፤ የሆነ ነገር የተሰበረ መሰላቸው። ትርሲት ደገመች። ለሥራ ስታንኳኳ እንደነበረው፣ ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ቆም ብላ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። እጇ እስኪቀላ አንኳኳች።

ከዚያ አንዲት ሴት ከኮሪደሩ ጫፍ እየሮጠች መጣች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ወፈር ያለች፣ ግንባሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለባት። መስታወቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሁለቱም ተያዩ። ትርሲት ያንን ግንባርና ያንን አገጭ ታውቀዋለች፤ የሟች ባሏ ነው።

«ረድኤት ነሽ?»

ረድኤት ራሷን ነቀነቀች። «ተኝቶ ነበር፤ ነቃና ‹ሰው እያንኳኳ ነው፤ ውጪ› አለኝ» አለች በመስታወቱ በኩል። «ምን ማለቱ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር።»

«ክፈቺልኝ እስቲ።»

«አልችልም፣ እርስዎ… አንቺ…» ከራሷ በዕድሜ የምታንሰውን አያቷን ምን ብላ እንደምትጠራ አላወቀችም። «መውጫዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ይከፈታል።»

አርባ ደቂቃ ይቀራል። አርባውን ደቂቃ መስታወቱን ተደግፈው ቆሙ፤ አንዷ ከደረቅ በኩል አንዷ ከዝናቡ በኩል። ረድኤት አንድ ጊዜ ወደ ክፍሉ ሮጣ ተመልሳ «መጣች ብዬ ነገርኩት» አለቻት። «ምን አለ?» ብትላት «‹ፊቴን አጥቢኝ› አለኝ» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ለረድኤት ተከፈተ። ረድኤት አልወጣችም። ደፉ ላይ ቆማ ጀርባዋን አንዱ ጠርዝ ላይ፣ እጇን ሌላው ጠርዝ ላይ አደረገች፤ የእሷም አምባር መናገር ጀመረ። ትርሲት በክንዷ ሥር ጎንበስ ብላ ገባች።

ያፌት ትራሱን ተደግፎ ነበር። ጸጉሩም ጢሙም ነጭ ነው፤ ደረቱ በየትንፋሹ ድምፅ ያወጣል። ስትገባ አያት፤ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። እሷ በሩ ሥር ቆመች፤ መሬቱን እያረጠበች። በሽማግሌው ፊት ላይ ልጇን ስትፈልግ ነበር፤ ከቅንድቡ በላይ በአምስት ዓመቱ ከደረጃ ወድቆ ያገኘውን ጠባሳ አየችው።

«የት ነበርሽ?» አላት። ድምፁ የአዛውንት ቢሆንም ቁጣው የስምንት ዓመት ልጅ ነበር።

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«አሥር ሰዓት ላይ እወስድሃለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ። ብዬህ ነበር።»

«ሁሉም ልጆች ሄዱ። ዘበኛው ብቻ ቀረ። አክስቴ እታገኝ ስትመጣ ሊመሽ ነበር።» ሳል ያዘው፤ ረድኤት ልትጠጋ ስትል በእጁ ከለከላት። «‹እናትህ ቤሩት ሄዳለች› አለችኝ። ደላላ ነው የወሰዳት አሉ። ሠፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው ያለው። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላኝ ቤሩት ሄድኩ። ሁለት ዓመት ቤት ቀባሁ። እሑድ እሑድ የሐበሻ ሴቶች የሚሰበሰቡበት ቦታ እየቆምኩ ፊታቸውን ሳይ ነው የኖርኩት።»

ትርሲት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ቤሩትን አላውቃትም፣ ያፌት። ከጠባሴ አልወጣሁም። ቆጣሪ ላነብ ጉድጓድ ወረድኩ፤ ጻፍኩ፤ ወጣሁ። ለእኔ ዓመት አልሞላውም። እየሮጥኩ ነበር የወጣሁት፤ አንተ ጋ እንዳይረፍድብኝ ብዬ።»

ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልታወቃትም። «ረፈደብሽ» አላት።

«ረፈደብኝ።»

«ነይ ወደዚህ። ብርድ መትቶሻል።»

ሶልያና የመጣችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትርሲትን ጠራቻት። «ዝግ ዙርዎ እስኪዘጋጅ ሦስት ቀን ይፈጃል» አለች። «እስከዚያ እዚሁ ይቆያሉ። ለነገሩ መውጣት ቢፈልጉም የሚከፈት በር የለም።»

ለትርሲት ሦስት ቀን በቂ ነበር። ቀን ቀን አጠገቡ ተቀምጣ አጥሚቱን በማንኪያ ታጠጣዋለች፤ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች፤ ጀርባውን ትደግፈዋለች። እሱ ስላሳለፈው ዕድሜ ነገራት፤ ስለ ሟች ሚስቱ፣ ስለ ገነባቸው ቤቶች፣ ረድኤት በሕፃንነቷ ስለነበራት አመል። እሷ የምትነግረው አጭር ነበር። አንዳንዴ በወሬው መሀል «እማዬ» ይልና የሚለውን ረስቶ ዝም ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እጁ እጇ ውስጥ እንዳለ ትንፋሹ ቆመ። ረድኤት ጮኸች። ትርሲት ዓይኑን ከደነችለት።

በዚያ ዘመን ሰው ሲሞት መዝገቡ ይዘጋል፤ አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊትም ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የት ተወለደ፣ የት ኖረ፣ በመጨረሻ ማን ጠየቀው፣ ለምን። ሶልያና የትርሲትን ቃል ለመቀበል ወደ ክፍሉ ስትገባ አምስት ሰዓት አልሆነም ነበር። ረድኤትም ነበረች።

«ምክንያት የሚለው ላይ ሦስት ምርጫ አለ» አለች ሶልያና። «ሕመም፣ ስህተት፣ በፈቃድ። ሕመም እንዳልነበረብዎት ታውቋል። ስህተት ካሉ ይቅርታ አለው፤ አራት መቶ ቀን እንደገና ይሰጥዎታል። መንገድ ተሳስቼ ጫጫ ደረስኩ ማለት ነው። እኔ አልመረምርም።» «ቢሉ ደስ ይለኛል» ብላም ጨመረች።

«በፈቃዴ ብልስ?»

«ዝግ ዙር። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ጎብኚ የለውም።»

ረድኤት እጇን ያዘቻት። ዓይኗ አብጧል። «ስህተት በዪ። አንድ ዓመት ብቻ እኮ ነው። ትመጪና ከእኔ ጋ ትኖሪያለሽ። እሱ አይሰማም አሁን። ቃል ብቻ ነው።»

ትርሲት የልጅ ልጇን እጅ ስትዳብስ ቆየች። ሰፊ፣ ሞቃት፣ ሥራ ያየ እጅ ነበር። ጋሽ ይገረሙንም አሰበቻቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ አንዲት ቃል የተጸጸቱትን። የእሳቸው ጸጸት እሷንም እንደሚያገኛት፣ ምናልባትም በመጀመሪያው ሳምንት እንደሚያገኛት አላጣችውም። ፈራች።

«ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ እናቱ ጥላው ሄደች ሲባል ነው የኖረው» አለች በመጨረሻ። «አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ሲሰማ፣ እናቱ መንገድ ተሳስታ መጣች ተብሎ ሊነበብበት ነው? ልጄ ጠርቶኝ ነው የመጣሁት። በፈቃዴ ነው። እንደዚያ ጻፊው።»

ረድኤት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሶልያና ጣቷን አንሥታ ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ አቆየችው። ከዚያ ጻፈች።

«እስከዚህ ድረስ በእግርዎ ነው የመጡት?» ብላ ጠየቀቻት ስትጨርስ። ይህ የትኛውም ቅጽ ላይ የሌለ ጥያቄ ነበር።

«በእግሬ ነው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰበሰበ። አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው፤ ከያፌት ጋር ያደጉ፣ ከእሱ ጋር ቤት የሠሩ። ለትርሲት በሩ ስለማይከፈት ከመስታወቱ በስተጀርባ ሆና ነው የሰማችው። ዝናቡ አባርቷል። አንባቢው ረጋ ባለ ድምፅ ልደቱን አነበበ፤ ትምህርት ቤቱን፤ ቤሩትን፤ ጋብቻውን። ከዚያ እዚህ ላይ ደረሰ፦

«የመጨረሻ ጎብኚ፣ ትርሲት ወልደጻድቅ። እናት። ምክንያት፣ በፈቃዷ።»

በመጀመሪያ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ወደ መስታወቱ ዞሩ፤ ቀጥሎ አጠገባቸው ያሉት፤ ከዚያ ሁሉም። መነጽራቸው ስም አላሳያቸውም። ቢሆንም አዩዋት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። ትርሲትም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አጸፋውን መለሰች። አስከሬኑ ተነሥቶ በግቢው መውጫ እስኪሰወር ድረስ ቆማ አየች፤ ረድኤት ሦስት ጊዜ ዞራ አየቻት።

ሶልያና ክንዷን በዝግታ ያዘቻት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀር ነበር።